የእንግሊዝኛው ክፍል ይፍረስ

ኦክቶበር 24 ቀን 1968፣ በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 14 ቀን 1961 ዓ.ም.፣ በናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ መምህራንን ለሁለት የሚከፍል ጽሑፍ ቀረበ። ጸሐፊዎቹ ሦስት ናቸው፦ ያኔ ጄምስ ንጉጊ ይባል የነበረው ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ፣ የሥነ ቃል አጥኚው ሄንሪ ኦዉር አንዩምባ እና ገጣሚው ታባን ሎ ሊዮንግ። የጠየቁት ነገር ግልጽ ነበር። የእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍል ይፍረስ፤ በምትኩ የአፍሪካ ሥነ ጽሑፍና ቋንቋዎች ክፍል ይቋቋም።

ከወር በፊት የክፍሉ ተጠባባቂ ኃላፊ የማሻሻያ ሐሳብ አቅርበው ነበር። ፈረንሳይኛ የት ይግባ፣ ስዋሂሊስ ምን ቦታ ይሰጠው የሚሉ ጉዳዮች ተነሥተውበታል። ሦስቱ ግን በነበረው ላይ ጥቂት የአፍሪካ መጻሕፍት በመጨመር የሚረኩ አልነበሩም። የአንድን ባህል ተከታታይ ታሪክ ማጥናት ካስፈለገ፣ ያ ባህል የአፍሪካ የማይሆነው ለምን እንደሆነ ጠየቁ። የክርክሩ ሁሉ ጉልበት ያለው እዚህ ላይ ነው። እንግሊዝ መሐል ተቀምጣ አፍሪካ ዳር ዳር ስትታይ የኖረችበት አሰላለፍ ይገልበጥ ማለታቸው ነበር።

ለዚህ የሚያበቃ ምክንያት ነበራቸው። በቅኝ ግዛት ዘመን የተቋቋሙት ኮሌጆች ከለንደን ዩኒቨርሲቲ ጋር የተሳሰሩ ስለነበሩ፣ ትምህርታቸው የእንግሊዝን ሥነ ጽሑፍ ታሪክ ተከትሎ ይወርዳል፤ ከቾሰር ይነሣል፣ በሼክስፒር በኩል ያልፋል፣ ኤልዮት ዘንድ ይደርሳል። ናይጄሪያ ውስጥ ደራሲው ቺኑዋ አቼቤ ኢባዳን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የገባው ሕክምና ሊማር ነበር። ወደ ሥነ ጽሑፍ ሲዞር፣ በቅኝ ገዥው አስተዳደር ያገለገለው ጆይስ ኬሪ ስለ አንድ ናይጄሪያዊ የቢሮ ጸሐፊ የጻፈውን ልብ ወለድ አነበበ። የተሣለው ሰው አቼቤ የሚያውቀውን ናይጄሪያዊ አይመስልም። እ.ኤ.አ. በ1958 የታተመው የአቼቤ የመጀመሪያ ልብ ወለድ የዚያ ቅሬታ ልጅ ነው። ከአራት ዓመት በኋላ የለንደኑ አሳታሚ ሃይነማን የአፍሪካ ደራስያን ተከታታይ መጻሕፍትን ሲጀምር ከፊት የተሰለፈውም ይኸው መጽሐፍ ሆነ።

በዚያው በ1962፣ በጁን ወር፣ በካምፓላው ማከሬሬ ኮሌጅ በእንግሊዝኛ የሚጽፉ አፍሪካውያን ደራስያን ተሰበሰቡ። ናይጄሪያውያኑ አቼቤ፣ ሾይንካና ኦኪግቦ እንዲሁም ደቡብ አፍሪካዊው ምፋህሌሌ ተገኝተዋል። ገና ተማሪ የነበረው ንጉጊ እንኳ በታተሙለት ሁለት አጫጭር ልብ ወለዶች ብቻ ገባ። ምሥራቅ አፍሪካ የሚያከብረው የታንጋኒካው ባለቅኔ ሻባን ሮበርት ግን ቦታ አልነበረውም፤ የጻፈው በስዋሂሊ ነዋ! በዚያው ወር አረፈ።

በዚህ ወንፊት አማርኛም አያልፍም። አፈወርቅ ገብረኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ»ን ሮም ላይ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1908 ነው፤ የማከሬሬው ጉባኤ ሲጠራ የአማርኛ ልብ ወለድ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ አስቆጥሯል። ናይጄሪያዊው ኦቢ ዋሊ በቀጣዩ ዓመት በትራንዚሽን መጽሔት፣ በአውሮፓ ቋንቋ ብቻ የሚጻፍ የአፍሪካ ሥነ ጽሑፍ መውጫ የሌለው መንገድ ነው ብሎ ሲሞግት ብዙዎች ተቆጡ። እውነቱን ለመናገር ግን ጥያቄው እስከ ዛሬ አጥጋቢ መልስ አላገኘም።

ናይሮቢ ላይ ሦስቱ የጠየቁት በሙሉ ባይሆንም አብዛኛው ተሳካ። የእንግሊዝኛው ክፍል ቀርቶ የሥነ ጽሑፍ ክፍል ተተካ፤ የአፍሪካ ቋንቋዎች ከሥነ ልሳን ጋር ለብቻቸው ሆኑ። ከለውጡ ሁሉ ትልቁ ሥነ ቃል ዋና ትምህርት መሆኑ ነው። ተረት፣ እንቆቅልሽ፣ የሰርግና የለቅሶ ዘፈን እንደ ማንኛውም ድርሰት በክፍል ውስጥ ይተነተን ጀመር። ተማሪው ከቀዬው አዛውንት ቃል ሲቀርጽና ሲጽፍ ምርምር እየሠራ ነበር። ዩጋንዳዊው ገጣሚ ኦኮት ፕቢቴክም በ1970ዎቹ እዚያ አስተምሯል። «የላዊኖ ዘፈን» የተባለውን ረጅም ግጥሙን አስቀድሞ የጻፈው በአቾሊ ቋንቋ ነው፤ ታትሞ የወጣው ግን በ1966 እንግሊዝኛው ቀድሞ፣ አቾሊው ከሦስት ዓመት በኋላ ነበር። የዘመኑ ገበያ ለየትኛው ቋንቋ እንደሚያደላ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም።

በ1974 ወደ 200 የሚጠጉ የሁለተኛ ደረጃ መምህራን ናይሮቢ ላይ ተሰብስበው ለውጡ ወደ ትምህርት ቤቶች እንዲወርድ መከሩ። ሆኖም የአዲሱ ክፍል ንግግርም፣ ፈተናም፣ መመረቂያ ጽሑፍም በእንግሊዝኛ ቀጠለ። ንጉጊ ይህን ክፍተት ለመሙላት የሄደው ወደ ገበሬዎችና ሠራተኞች ነው። በ1977 ካሚሪቱ መንደር ውስጥ በአፍ መፍቻ ቋንቋው በጊኩዩ ከእነሱ ጋር የሠራው ቴአትር ታገደ፤ እሱም በዓመቱ መጨረሻ ቀን ተይዞ ያለ ፍርድ አንድ ዓመት ገደማ ታሰረ። እስር ቤት ውስጥ በሽንት ቤት ወረቀት ላይ በጊኩዩ ልብ ወለድ ጻፈ። ሲፈታ የዩኒቨርሲቲ ሥራው አልተመለሰለትም። ከዚያ ወዲህ ልብ ወለዶቹን በጊኩዩ ጽፏል፤ አብዛኞቹንም ራሱ ወደ እንግሊዝኛ መልሷቸዋል። ዛሬ እነዚህን ትርጉሞች የሚያነብ ተማሪ በእንግሊዝኛ የተጻፈ የአፍሪካ ሥነ ጽሑፍ በሚል ኮርስ ውስጥ ሊያገኛቸው ይችላል።