የኢየሩሳሌም ኢትዮጵያውያን ስም በባዕዳን መዝገብ

በኢትዮጵያ ሥርዓት ሰው በራሱና በአባቱ ስም ይጠራል እንጂ ከቅድመ አያት ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ የቤተ ሰብ መጠሪያ የለውም። በምንኵስና ጊዜ ደግሞ ይህ አጭር ሐረግ እንኳ ይቈረጣል፤ የመነኰሰ ሰው የዓለም ስሙን ትቶ በአዲስ ስም ይጠራልና። ስለዚህ ወደ ቅድስት ሀገር ተሻግሮ በዚያው የቀረ ዘመዱን በሕዝብ ቈጠራ መዝገብ የሚፈልግ ሰው፥ ሌላው ሕዝብ እንደሚያደርገው አንድ የቤተ ሰብ ስም ይዞ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሊከተል አይቻለውም።

በዚህ ላይ የገዳሙ የራሱ ጽሑፍ ጠፍቷል። በ1838 (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) በኢየሩሳሌም ቸነፈር ገብቶ የዴር ሡልጣን መነኰሳት ባለቁ ጊዜ፥ መጻሕፍታቸውና ሰነዶቻቸው በሽታ ያስተላልፋሉ ተብለው ተቃጠሉ። የይዞታ ክርክር በጽሑፍ ማስረጃ በሚታይባት ከተማ ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም። የቀደሙት አባቶች ስም ከዚያ ወዲህ በአብዛኛው በሌሎች እጅ ከተጻፈው ይፈለጋል።

የዑስማን ቱርኮች ከተማይቱን በ1516 ከያዙ በኋላ ለግብር ሲሉ ሕዝቡን ይመዘግቡ ነበር። ጸሓፊው ለሙስሊሙ «ቢን»፥ ለክርስቲያኑ «ወለድ» እያለ ሰውየውን ከአባቱ ጋር ያሰፍራል፤ ቃሉ ለግእዝ አንባቢ እንግዳ አይደለም። ነገር ግን ኢትዮጵያውያኑ ከግብጻውያንና ከሶርያውያን ጋር በአርመኖች ሥር ይቈጠሩ ስለ ነበረ፥ ፈላጊው በአርመኖች ተራ ጭምር መመልከት ይገባዋል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስቱ ሁለት ስሞች አሉ። በባርነት ተወስዶ የሰለመ ሰው አባቱ ሳይጠየቅ «የዐብደላህ ልጅ» ተብሎ ይጻፍ ነበር፤ ይህ የአባት ስም ሳይሆን የአባት ስም መታጣቱን የሚያመለክት ነው። «አል ሐበሺ» የሚለውም ጎረቤት ያወጣው መጠሪያ ሊሆን ይችላልና፥ እርሱን ብቻ ይዞ ከኢትዮጵያ ዘር መቍጠር የታሪክ ሥራ አይደለም። የግእዙንም ስም ቢሆን ባዕድ ጸሓፊ በቀላሉ ያፈርሰዋል፤ «አባ ገብረ ሚካኤል» ከተባለው ላይ ማዕረጉን ስም፥ ሚካኤልን የቤተ ሰብ መጠሪያ አድርጎ ቢጽፍ ገብረ የሚለው ትርጕም አልባ ሆኖ ይቀራል።

እንግሊዞች በጥቅምት 23 ቀን 1922 ፍልስጥኤምን ባስቈጠሩ ጊዜ ከ757,182 ነዋሪ መካከል በሐበሻ ቤተ ክርስቲያን ስም የተቈጠሩት 85 ነበሩ፤ ግብጻውያኑ 297 ነበሩ። የታተመው ሰንጠረዥ ቍጥር እንጂ ስም አይነግርም። ስም የሚገኘው በብራና መጻሕፍት መጨረሻና ኅዳግ ነው፤ በዚያ ጸሓፊው ወይም መጽሐፉን የሰጠው ሰው ክርስትና ስሙን፥ አንዳንድ ጊዜም የአባቱንና የሀገሩን ስም ጽፎ «በጸሎታችሁ አስቡኝ» ይላልና፥ ዘመዱን የሚፈልግ ሰው ሀገሩንና የሄደበትን ዘመን አስቀድሞ ከሽማግሌዎች ጠይቆ ይምጣ።