የቻናል ድምፅ አለመመጣጠን (በዲጂታል ሲኒማ)

የአንዱ ቻናል ድምፅ ከሌሎቹ አንሶ ወይም በልጦ የሚሰማበት ብልሽት ነው። በ5.1 ሥርዓት የግራ፣ የመሃልና የቀኝ ስፒከሮች ፒንክ ኖይዝ በተባለው የፍተሻ ድምፅ ሲፈተሹ፣ ታዳሚው በሚቀመጥበት ስፍራ እያንዳንዳቸው 85 ዴሲቤል፣ በአዳራሹ ዙሪያ ያሉት የግራና የቀኝ ቻናሎች ደግሞ 82 ዴሲቤል ሊያሳዩ ይገባል።

ለፍተሻ የግራና የቀኝ ገመዶች በአምፕሊፋየሩ መግቢያ ላይ ይቀያየራሉ። ድክመቱ ወደ ሌላው ጎን ከዞረ ጥፋቱ ከአምፕሊፋየሩ በፊት ነው፤ እዚያው ከቀረ አምፕሊፋየሩና ስፒከሩ ይመረመራሉ። ሁለት ቻናሎች አብረው ከጠፉ ዲጂታል ገመዱን መጠርጠር ይሻላል፤ አንድ የኤኢኤስ3 ዲጂታል ድምፅ መስመር ሁለት ቻናል ይሸከማልና።

አሳሳቹ የቀጭን ድምፅ ክፍል መቃጠል ነው፦ መለኪያው ብዙም ሳይወርድ ንግግሩ ይታፈናል። ያኔ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ከሸራው ጀርባ በመግባት እያንዳንዱን ስፒከር በጆሮ ማዳመጥ ግድ ይላል።