የአረጋውያን ሰብአዊ መብቶች

የአረጋውያን ሰብአዊ መብቶች ሰው በእርጅናው ዘመን በነጻነት፣ በክብርና ያለ አድልዎ እንዲኖር የሚያስችሉት መብቶች ናቸው። በይዘታቸው ሌላው ሰው ካለው መብት አይለዩም፤ ዕድሜ ሲገፋ ግን የሚከበሩበት መንገድ እየጠበበ ይሄዳል። ስለዚህ ራሱን የቻለ የሕግ ጥበቃ ያስፈልጋቸዋል የሚለው ሐሳብ ከ1940ዎቹ ጀምሮ ሲቀርብ ቆይቷል። ሴቶች በ1979፣ ሕፃናት በ1989፣ አካል ጉዳተኞች በ2006 የየራሳቸውን ዓለም አቀፍ ስምምነት አግኝተዋል። አረጋውያን እስካሁን የላቸውም። (በዚህ መጣጥፍ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዓመታቱ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

ስያሜና ወሰን

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አብዛኛውን ጊዜ አረጋዊ የሚለው 60 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነውን ሰው ነው። የበለጸጉት አገሮች በስታቲስቲክሳቸው 65ን መነሻ ማድረግ ያዘወትራሉ። የአፍሪካ ኅብረት 60ን ይከተላል።

በአማርኛ «አረጋዊ» ከግዕዝ የመጣና በሕግ ጽሑፍ የሚመረጥ ቃል ነው። «አዛውንት» አክብሮት አለበት። «ሽማግሌ» ዕድሜን ብቻ ሳይሆን የማስታረቅን ሥራም ይጠራል፤ ጎልማሳም ቢሆን ለእርቅ ወይም ለጋብቻ ከተላከ «ሽማግሌ ተላከ» ይባላል። «አሮጌ» ለዕቃም ስለሚነገር ሰውን ሲጠሩበት ይከብዳል፤ በቅርብ ዘመን «የዕድሜ ባለጸጋ» የሚለው አጠራር የተስፋፋውም ይህን ለመሸሽ ይመስላል። ለጉዳዩ ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው ግን «ጦረ» የሚለው ግሥ ነው፤ ትርጉሙ ያረጀ ወላጅን ወይም ዘመድን መግቦ፣ አልብሶና አስታሞ መያዝ ነው። «ጧሪ»፣ «ተጧሪ»፣ «መጦሪያ» እና «ጡረታ» የወጡት ከዚሁ ነው። ዛሬ ጡረታ ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው ወርኃዊ አበል ቢሆንም፣ ቃሉ በሁለት ሰዎች መካከል ያለን ግዴታ ይዞ የመጣ ነው።

የሕዝብ አኃዝ

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በ2030 ከስድስት ሰዎች አንዱ 60 ዓመት የሞላው ይሆናል። በ2050 ቁጥራቸው 2.1 ቢሊዮን ይደርሳል፤ ከእነዚህም 80 በመቶው የሚኖሩት በዝቅተኛና በመካከለኛ ገቢ አገሮች ይሆናል።

አመጣጥ፦ የአርጀንቲና ጥያቄ

ብዙ ጽሑፎች የዚህን ጉዳይ ታሪክ የሚጀምሩት በ1982 ቪየና ላይ ከተደረገው ዓለም አቀፍ ጉባኤ ነው። ሰነዶቹ ግን ከዚያ 34 ዓመት ወደ ኋላ ይወስዳሉ።

ኦገስት 28 ቀን 1948 የአርጀንቲናው ፕሬዚዳንት የሁዋን ፔሮን ባለቤት ኤቫ ፔሮን ዐሥር የእርጅና መብቶችን ይፋ አደረጉ። እነርሱም እርዳታ የማግኘት፣ የመኖሪያ፣ የምግብ፣ የልብስ፣ የአካል ጤና፣ የመንፈስ ጤና፣ የመዝናናት፣ የሥራ፣ የእፎይታና የመከበር መብቶች ናቸው። የመጀመሪያዎቹ አምስቱ የትኛውም የበጎ አድራጎት ማኅበር ሊጽፋቸው የሚችሉ ናቸው። ከዚያ በኋላ ያሉት ግን ለዘመናቸው እንግዳ ነበሩ። ስምንተኛው፣ ጉልበቱና ሁኔታው የሚፈቅድለት አረጋዊ ሥራ ሊነፈግ አይገባም የሚል መንፈስ አለው። ዘጠነኛው ደግሞ ሰው የመጨረሻ ዓመታቱን ያለ ጭንቀትና ያለ ሥጋት የማሳለፍ መብት አለው ይላል። አረጋዊን ከተመጽዋችነት አውጥቶ ባለመብት ያደረገው ይህ አጻጻፍ ነው፤ ሰነዱ ዛሬም ሊነበብ የሚገባው በዚህ ምክንያት ነው።

መብቶቹ በ1949 በአርጀንቲና ሕገ መንግሥት አንቀጽ 37 ውስጥ ገቡ። ፔሮን በ1955 በመፈንቅለ መንግሥት ከወረዱ በኋላ፣ በ1956 ያ ሕገ መንግሥት ተሻረና የእርጅና መብቶቹም አብረው ወደቁ። በ1957 የተጨመረው አንቀጽ ከዚያ ሁሉ ያስቀረው በዋናነት ጡረታን ነው።

የሰነዱ ዓላማ ሲያከራክር ኖሯል። አንዳንድ ጸሐፊዎች የፔሮን መንግሥት ሕዝባዊ ድጋፍ ለማሰባሰብ ከተጠቀመባቸው መሣሪያዎች አንዱ አድርገው ያዩታል። ሌሎች ደግሞ ማኅበራዊ መብትን ለአረጋውያን በዝርዝር በመጻፍ ከዘመኑ የቀደመ ነው ይላሉ። ሁለቱ አስተያየቶች የግድ አይጋጩም፤ ድጋፍ ፍለጋ የተጻፈ አንቀጽም ለተጠቃሚው መብት ነው።

በ1948 መጸው አርጀንቲና ጉዳዩን ፓሪስ ላይ ለተሰበሰበው የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የእርጅና መብቶች መግለጫ ረቂቅ አድርጋ አቀረበችው። ጉባኤው ዲሴምበር 4 ቀን 1948 ባሳለፈው ውሳኔ ቁጥር 213 ረቂቁን ለኢኮኖሚና ማኅበራዊ ምክር ቤት መራው። ከስድስት ቀን በኋላ፣ ዲሴምበር 10፣ ዓለም አቀፉ የሰብአዊ መብቶች መግለጫ ጸደቀ። በመግለጫው ሁለተኛ አንቀጽ አድልዎ የሚከለከልባቸው ምክንያቶች ሲዘረዘሩ ዘር፣ ቀለም፣ ጾታ፣ ቋንቋና ሃይማኖት በስማቸው ተጠርተዋል፤ ዕድሜ አልተጠራም። እርጅና የተጠቀሰው በአንቀጽ 25 አንድ ጊዜ ሲሆን፣ የመጣውም ከሥራ ማጣት፣ ከሕመም፣ ከአካል ጉዳትና ከባል ወይም ከሚስት ሞት ጋር ተደርድሮ ነው። ማርጀት እንደ ደረሰ ጉዳት ተቆጠረ እንጂ ሰው የሚገለልበት ምክንያት ተደርጎ አልታየም። ከዚያ ወዲህ ያለው ክርክር ሁሉ ይህን ክፍተት ለመሙላት የሚደረግ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የአርጀንቲና ረቂቅ በ1950 አንድ የዋና ጸሐፊውን ጥናት አስገኝቶ ቆመ። ማልታ በ1969 ጉዳዩን እንደገና እስክታነሣው ድረስ ሁለት ዐሥርት ዓመታት አለፉ።

የተባበሩት መንግሥታት ሰነዶች

የ1982ቱ የቪየና ጉባኤ የድርጊት መርሐ ግብር አወጣ። በ1990 ኦክቶበር 1 ዓለም አቀፍ የአረጋውያን ቀን ተባለ። በ1991 ደግሞ ነጻነትን፣ ተሳትፎን፣ እንክብካቤን፣ ራስን ማበልጸግንና ክብርን የሚመለከቱ 18 መርሆዎች ጸደቁ። በ2002 የማድሪድ የድርጊት መርሐ ግብር ተከተለ። ከእነዚህ አንዱም መንግሥታትን በሕግ አያስገድድም።

በ2010 ጠቅላላ ጉባኤው አዲስ ስምምነት ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም የሚለውን የሚመረምር ለአባል አገሮች ሁሉ ክፍት የሆነ የሥራ ቡድን አቋቋመ። ቡድኑ እስከ 2024 ድረስ 14 ጊዜ ተሰበሰበ። የተቃዋሚዎቹ ዋና መከራከሪያ ነባሮቹ ስምምነቶች ለሰው ሁሉ የተጻፉ ስለሆኑ ለአረጋውያንም ይበቃሉ፣ የጎደለው አፈጻጸም ነው የሚል ነበር። ደጋፊዎቹ ተመሳሳይ ክርክር ለሴቶችም፣ ለሕፃናትም፣ ለአካል ጉዳተኞችም ቀርቦ ተቀባይነት እንዳላገኘ ያስታውሳሉ። ሚዛን የሚደፋው የሁለተኞቹ ነው። በስም ያልተጠራ አድልዎ ፍርድ ቤት ሲደርስ «ሌላ ማናቸውም ሁኔታ» በሚል ሐረግ ሥር ተጎትቶ እንዲገባ ሲጠበቅ ኖሯል። ኤፕሪል 3 ቀን 2025 የሰብአዊ መብቶች ምክር ቤት አስገዳጅ ሰነድ የሚያረቅ የመንግሥታት ቡድን እንዲቋቋም ድምፅ መስጠት ሳያስፈልግ ወሰነ። ሐሳቡን ካቀረቡት አገሮች አንዷ አርጀንቲና ነበረች።

የአፍሪካ ፕሮቶኮል

የ1981ዱ የአፍሪካ የሰብአዊና የሕዝቦች መብቶች ቻርተር ለአረጋውያን ልዩ ጥበቃ እንደሚገባ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይናገራል፤ ልጆች የተቸገሩ ወላጆቻቸውን እንዲረዱም ግዴታ ይጥላል። ይህን የሚያሰፋው የአረጋውያን መብቶች ፕሮቶኮል ጃንዋሪ 31 ቀን 2016 አዲስ አበባ ላይ ጸደቀ። በሥራ ላይ እንዲውል 15 አገሮች ማጽደቅ ነበረባቸው፤ ይህ ወደ ዘጠኝ ዓመት ወስዶ ኖቬምበር 4 ቀን 2024 የሕግ ኃይል አገኘ። ኢትዮጵያ ካጸደቁት አንዷ ናት።

ፕሮቶኮሉ የሌላ አህጉር ሰነድ ግልባጭ አይደለም። ወላጆቻቸውን ያጡ ልጆችን የሚያሳድጉ አያቶች የመንግሥት ድጋፍ እንዲያገኙ ይጠይቃል፤ በኤችአይቪ ዘመን ስንት ቤት በአያት ትከሻ እንደ ቆመ ለሚያውቅ የዚህ አንቀጽ ምንጭ ግልጽ ነው። የአረጋውያን ሴቶችን የንብረትና የውርስ መብት ለብቻው ያነሣል። አረጋውያን ራሳቸውም ግዴታ እንዳለባቸው ይናገራል፦ ዕውቀታቸውን ለወጣቶች ማስተላለፍና ግጭትን መሸምገል።

ከሁሉ የከበደው በጥንቆላ መወንጀልን የሚከለክለው ድንጋጌ ነው። በበርካታ የአፍሪካ አገሮች ልጅ ሲታመም፣ ዝናም ሲጠፋ ወይም ከብት ሲያልቅ ጣት የሚቀሰርባቸው ብዙውን ጊዜ አሮጊቶች ናቸው፤ በተለይ ባል የሞተባቸውና የሚሟገትላቸው ወንድ ልጅ የሌላቸው። በሰሜን ጋና ጋምባጋን በመሳሰሉ መጠለያዎች የተወነጀሉ ሴቶች ከመንደራቸው ተሰደው ይኖራሉ። ጁላይ 2020 በዚያው አገር ካፋባ በተባለ ቦታ የ90 ዓመት ሴት በአደባባይ ተደብድበው ተገደሉ። ድርጊቱ አገሪቱን አስቆጣ፤ ፓርላማውም በ2023 ሰውን ጠንቋይ ብሎ መወንጀልን ወንጀል የሚያደርግ ሕግ አሳለፈ፤ ፕሬዚዳንቱ ግን ሕጉ ወጪ ያስከትላል፣ የቀረበበትም መንገድ ሕገ መንግሥቱን አይከተልም በሚል አልፈረሙበትም። ነገሩ ብዙ ጊዜ እንደ «ልማድ» ተቆጥሮ ታልፏል። ነፍስ የሚጠፋበት ነገር ልማድ ሊባል አይገባውም።

በፍርድ ቤቶች

የአሜሪካ አህጉር አገሮች በ2015 ያጸደቁት ስምምነት በጃንዋሪ 2017 ሥራ ላይ የዋለ ሲሆን፣ ስለ አረጋውያን ብቻ የተጻፈ የመጀመሪያው አስገዳጅ አህጉራዊ ስምምነት ነው። የአህጉሩ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤትም በ2018 ፖብሌቴ ቪልቼስ በቺሊ ላይ በተባለው መዝገብ፣ በ2001 አንድ የ76 ዓመት ታካሚ ተገቢውን ሕክምና ሳያገኙ በመሞታቸው ቺሊን ተጠያቂ አድርጓል። ቤተሰቡ የጠየቀውን መልስ ለማግኘት 17 ዓመት ጠብቋል። በአውሮፓ ደግሞ ኤፕሪል 9 ቀን 2024 የስዊዘርላንድ አረጋውያን ሴቶች ማኅበር፣ መንግሥታቸው የአየር ንብረት ለውጥን ለመግታት በቂ አልሠራም ብሎ በመሠረተው ክስ አሸንፏል፤ ሙቀት ሲበረታ ቀድሞ የሚጎዳው አረጋዊ መሆኑ የክሱ መሠረት ነበር።

ጥቃትና ቸልተኝነት

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከስድስት አረጋውያን አንዱ በአንድ ዓመት ውስጥ በሚኖርበት ማኅበረሰብ አንድ ዓይነት በደል ይደርስበታል። በደሉ አካላዊ ብቻ አይደለም፤ ስድብ፣ ገንዘብ መንጠቅና መድኃኒት ወይም ምግብ መከልከልም ይቆጠራሉ።

በኢትዮጵያ

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41፣ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲረዳ ያዝዛል፤ በእኩልነት አንቀጹ ግን ዕድሜን በስም አይጠራም። የ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ቀለብ የመስጠት ግዴታ በወላጅና በልጅ መካከል በሁለቱም ወገን እንዲሆን ደንግጓል። ያም ሆኖ እናት ልጇን ቀለብ ልትጠይቀው ችሎት ስትቆም ማየት ብርቅ ነው፤ ርሃቡን ከሐሜቱ የሚመርጡ ይበዛሉ።

የጡረታ አበል ለረጅም ጊዜ በመንግሥት ሠራተኞች ተወስኖ ኖሮ፣ በ2003 ዓ.ም. የግል ድርጅት ሠራተኞችም እንዲካተቱ ተደርጓል። መደበኛው የመውጫ ዕድሜ 60 ነው። ገበሬው፣ የቀን ሠራተኛው፣ የጉሊት ነጋዴዋና የሰው ቤት ሠራተኛዋ ግን ደመወዝ መዝገብ ላይ ስለሌሉ ከሁለቱም ውጭ ናቸው። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት መርሐ ግብር ጉልበት ለሌላቸው ቤተሰቦች ያለ ሥራ ቀጥተኛ ድጋፍ ስለሚሰጥ፣ ረዳት የሌላቸው አረጋውያንን ይደርሳል። በአዲስ አበባ በቢኒያም በለጠ የተመሠረተው መቄዶንያ የተባለ የበጎ አድራጎት ማዕከል የጎዳና አረጋውያንንና የአእምሮ ሕሙማንን በበጎ ሰዎች መዋጮ ያኖራል።

ሰው በእርጅናው የሚፈራውን ዕጣ አማርኛ «ጧሪ ቀባሪ ማጣት» ይለዋል። ሁለቱ ቃላት አብረው ቢነገሩም ዕድላቸው ተለያይቷል። ለቀብሩ በየሰፈሩ እድር አለ፤ ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ድስቱና የቀብር ገንዘቡ ሰው ሳይሞት አስቀድሞ ይዘጋጃል። ለመጦሩ የቆመ እንዲህ ያለ ማኅበር አልነበረም፤ ለልጅ የተተወ ነው። ልጅ ቤይሩት ወይም ሪያድ ሲሆን ደግሞ ገንዘቡ ይደርሳል እንጂ ውኃ የሚያቀብል እጅ አይደርስም። በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች አንዳንድ እድሮች ይህን አይተው፣ ደካማ አባሎቻቸውን በሕይወት ሳሉ በወርኃዊ ድጎማ፣ በቀለብና ቤት በማደስ መርዳት ጀምረዋል። ድጎማው የሚወጣው ከአባላቱ መዋጮ ስለሆነ መጠኑ እንደ ሰፈሩ አቅም ይለያያል።