የድሮ የቴሌቪዥን የጥያቄና መልስ ውድድሮች እና የተረፉ ቅጂዎቻቸው

የቴሌቪዥን የጥያቄና መልስ ውድድር ተወዳዳሪዎች በካሜራ ፊት ዕውቀታቸውን፣ ፍጥነታቸውን ወይም ዕድላቸውን የሚፈትኑበትና አሸናፊው ሽልማት የሚወስድበት የመዝናኛ ዝግጅት ነው። በአነስተኛ ወጪ ስለሚሠራና በየቀኑ ወይም በየሳምንቱ ስለሚቀርብ ተመልካች ቶሎ ይለምደዋል፤ ጣቢያዎች ግን ለታሪክ የሚቀመጥ ነገር አድርገው አያዩትም ነበር። መልሱ የታወቀ ጥያቄ ማን ደግሞ ያየዋል ተብሎ ካሴቱ ላይ ሌላ ዝግጅት ይቀረጽበት ነበር። በዚህ ምክንያት በብዙ አገሮች በቴሌቪዥን የመጀመሪያዎቹ ሠላሳና አርባ ዓመታት ከተላለፉት ውድድሮች አብዛኞቹ የሉም። ዛሬ እንደ ዘመኑ ምርጥ የሚነገርላቸውም ብዙዎቹ፣ እውነቱን ለመናገር፣ በአጋጣሚ የተረፉት ናቸው። (ከዚህ በታች የውጭ አገር ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ተጽፈዋል፤ «ዓ.ም.» የሚል ያለባቸው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።)

በኢትዮጵያ ይህ ዓይነቱ ውድድር ስቱዲዮ ሳይገባ በፊት በየቤቱ ነበር። እንቆቅልሽ ጠያቂ፣ መላሽ፣ ታዳሚና ሽልማት ያለው የተሟላ ውድድር ነው። መላሹ ሲያቅተው «አገር ስጠኝ» ይባላል። ጠያቂው የተሰጠውን አገር ካልወደደው ሌላ እስኪጠራለት ድረስ እምቢ ይላል፤ ከተቀበለ በኋላም እንደ ባለአገር ሆኖ በተሸናፊው ላይ እያላገጠ መልሱን ይነግረዋል። ከአምቦ እስከ ጊንደበረቷ ካቺሲ ድረስ ባለው የምዕራብ ሸዋ ምድር ኦሮምኛ ተናጋሪ ልጆች ሂቦ ብለው የሚጫወቱት የዚሁ የቅርብ ዘመድ ነው። ቴሌቪዥን ለዚህ ጨዋታ የጨመረለት ሰዓት ቆጣሪና ዳኛ ነው፤ መሳለቁን ግን ቀንሶበታል።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ዕለት፣ ቶምሰን የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ በሰጠው የቴክኒክ ድጋፍ ነው። ስቱዲዮው በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ውስጥ ነበር። ሥርጭቱ በቀን ጥቂት ሰዓት፣ ሥዕሉም ጥቁርና ነጭ ሲሆን፣ በስቱዲዮ የሚሠራው አብዛኛው ዝግጅት በቀጥታ ይተላለፍ ነበር። ይህ ነጥብ ለዛሬ ፈላጊ ወሳኝ ነው። የጠፋ ካሴት ከአንድ መጋዘን ወይም ከአንድ ሰው ቤት ሊገኝ ይችላል፤ ያልተቀዳ ዝግጅት ግን የሚፈለግበት ቦታ የለም።

ለዚህ ጥሩ ማሳያ የሚሆነው የተስፋዬ ሣህሉ፣ ሕዝቡ አባባ ተስፋዬ የሚላቸው አንጋፋ ተዋናይ፣ የልጆች ፕሮግራም ነው። አባባ ተስፋዬ በሀገር ፍቅርና በብሔራዊ ቴአትር መድረክ የሠሩ፣ ከኮሪያ ዘማቾች ጋር የተጓዙ፣ ሴት ገጸ ባሕርይን ወክለው በመጫወትም የሚታወሱ ሰው ናቸው። ከጣቢያው መጀመሪያ ዘመን አንስቶ ለ42 ዓመታት ተረት፣ ጨዋታና ምትሐት ለልጆች አቅርበዋል። ሐምሌ 24 ቀን 2009 ዓ.ም. ሲያርፉ ያዘነላቸው ሕዝብ ከአያት እስከ የልጅ ልጅ የሚደርስ ነበር። ይሁን እንጂ ዛሬ በቀላሉ የሚገኙት የፕሮግራሙ ቅንጫቢዎች ባለቀለሞቹ፣ የኋለኛው ዘመን ናቸው። በንጉሡ ዘመን ስቱዲዮ ገብቶ የነበረ ልጅ፣ ዛሬ አያት የሆነው፣ ራሱን የሚያይበት ምስል የማግኘት ዕድሉ እጅግ ጠባብ ነው።

በደርግ ዘመን ሙዚቃ፣ ቀልድና ጨዋታ ያጣመረው ኅብረ ትርኢት፣ እንዲሁም ተማሪዎች በቡድን ተከፍለው የሚፎካከሩባቸው የጥያቄና መልስ ውድድሮች ተመልካቹን በአንድ ሰዓት አንድ ቦታ ይሰበስቡ ነበር። መሰብሰቡ በምርጫ ብቻ አልነበረም፤ ያለው ጣቢያ አንድ ነው፣ ቴሌቪዥን ያለውም ቤት ጥቂት ነው። በክፍለ ሀገር ከተሞች የቀበሌ አዳራሽ፣ ቡና ቤት ወይም የአንድ ባለሀብት ሳሎን የሰፈሩ ሁሉ መመልከቻ ይሆን ነበር። ምስሉ ከማሰራጫ ወደ ማሰራጫ እየተቀባበለ ስለሚመጣ፣ አንድ ልጅ ደጅ ወጥቶ በባሕር ዛፍ ግንድ ጫፍ የታሰረውን አንቴና ያዞራል፣ ሌላው በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «ተው! ተው! አለፍከው፣ መልስ!» ይላል። ምስሉ ሲጠራ ግን ጥያቄው ተጠይቆ አልፏል። የድሮ ውድድር ናፋቂዎች ስለ ጥያቄዎቹ ከሚያወሩት ይልቅ ስለዚህ ግርግር የሚያወሩት ይበዛል። የተቀዳ ካሴት ቢገኝም ይህን አይመልሰውም።

ቀረጻዎች እንዴት እንደሚጠፉ በግልጽ የሚታየው ብዙ ዝግጅት በነበረባቸው አገሮች ነው። በቴሌቪዥን የመጀመሪያው የጥያቄ ጨዋታ ተብሎ የሚታወቀው ቢቢሲ በግንቦት 1938 ያስተላለፈው የፊደል አጻጻፍ ውድድር ሲሆን፣ በጊዜው ምስልን መቅዳት የሚቻልበት መንገድ ስላልነበረ ምንም አልተረፈለትም። ከ1947 ወዲህ በአሜሪካ ኪነስኮፕ የሚባል ዘዴ መጣ፤ የፊልም ካሜራ በቴሌቪዥን ስክሪን ፊት ተተክሎ የሚተላለፈውን በ16 ወይም በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ላይ ያነሳል። ምስሉ ደብዘዝ ያለ ቢሆንም ፊልም በመሆኑ ያለ ልዩ መሣሪያ፣ ወደ ብርሃን አቅርቦ ብቻ ምን እንዳለበት ማወቅ ይቻላል። ለዘመናት የዘለቀውም በዚህ ምክንያት ነው።

«ዋትስ ማይ ላይን» የተባለው የሲቢኤስ ውድድር ሕይወቱን ያገኘው በዚህ ዘዴ ነው። ከየካቲት 1950 እስከ መስከረም 1967 በአብዛኛው በእሑድ ማታ የቀረበው ይህ ጨዋታ አራት ጠያቂዎች «አዎ» ወይም «አይደለም» በሚል መልስ ብቻ የእንግዳውን ሥራ እንዲደርሱበት ይጠይቃል፤ እንግዳው ዝነኛ ሰው ከሆነ ጠያቂዎቹ ዓይናቸው በጨርቅ ይሸፈናል፣ እሱም ድምፁን ለውጦ ይመልሳል። አዘጋጆቹ ማርክ ጉድሰንና ቢል ቶድማን በ1952 ጣቢያው ፊልሞቹን እያስወገደ መሆኑን ሲሰሙ ወጪውን ራሳቸው ከፍለው እንዲቀመጡ አደረጉ። ከ1952 አጋማሽ በፊት የነበሩት ከጥቂቶቹ በስተቀር ጠፍተዋል፤ ከዚያ በኋላ ያሉት በአብዛኛው አሉ። ስለዚህ የ1950ዎቹ ኒው ዮርክ በዛሬ ተመልካች ዓይን በቀሚስና በክራባት የተዋበ የእሑድ ምሽት መስሎ የሚታየው በከፊል የሁለት ነጋዴዎች ወጪ ውጤት ነው።

ተቃራኒው ዕጣ የደረሰው ጆፓርዲ ለተባለው የአሜሪካ ውድድር ነው። መርቭ ግሪፈን የፈጠረው፣ አርት ፍሌሚንግ የመራው የመጀመሪያው ጆፓርዲ በኤንቢሲ ከመጋቢት 1964 እስከ ጥር 1975 ድረስ 2,753 ጊዜ ቀርቧል። የተረፉት ግን እጅግ ጥቂት ናቸው፤ ከነዚህም አንዱ የመጨረሻው ዕለት ዝግጅት ነው። ምክንያቱ ራሱ ቴፑ ነበር። አምፔክስ የተባለው ኩባንያ በ1956 ያወጣው የሁለት ኢንች ቪዲዮ ቴፕ ከኪነስኮፕ የበለጠ የጠራ ምስል ይሰጣል፣ ነገር ግን የአንድ ሰዓት ጥቅል 300 ዶላር ገደማ ያወጣ ነበር፤ ደግሞም ተሰርዞ እንደገና መቀዳት ይችላል። ሒሳብ ሹሞች ይህን እንደ ጥቅም ቆጠሩት። የቀን ፕሮግራሞች፣ በተለይም ውድድሮች፣ ተራ በተራ ተሰረዙ። የተሻለው ቴክኖሎጂ ከአሮጌው ፊልም ይልቅ ብዙ ታሪክ አጥፍቷል።

እንግሊዝም ያው ነበረች። ቢቢሲ ዝግጅቶቹን መሰረዝ ያቆመው በ1978 ሲሆን፣ የብሪታንያ የፊልም ተቋም ከ1993 ጀምሮ ጠፍተዋል የተባሉ ዝግጅቶች የሚፈለጉበትና የተገኙትም ለሕዝብ የሚታዩበት መርሐ ግብር ያካሂዳል።

ከጠፉት ሌላ ትርጉማቸው የተለወጠና የተደበቁም አሉ። በ1956 ቻርልስ ቫን ዶረን የተባለ መምህር «ትዌንቲ ዋን» በተሰኘው ውድድር ኸርበርት ስቴምፕልን አሸንፎ ዝነኛ ከሆነ በኋላ፣ መልሶቹ አስቀድመው የሚሰጡ መሆናቸው ታወቀ፤ ጉዳዩ በ1959 በአሜሪካ ምክር ቤት ታየ። ከዚያ ፕሮግራም የተረፉት ፊልሞች ተመልካችን ለመማረክ የተሠሩ ሆነው ሳለ ዛሬ እንደ ማስረጃ ይታያሉ፤ ቫን ዶረን በመስታወት ሳጥን ውስጥ ቆሞ ግንባሩን ሲጠርግ ማስመሰሉን የሚያውቅ ሰው ያያል።

የማይክል ላርሰን ታሪክ ደግሞ ሌላ መልክ አለው። የኦሃዮው ላርሰን «ፕሬስ ዩር ላክ» የሚባለውን የሲቢኤስ ውድድር ቤቱ ሆኖ በቪዲዮ ዴክ እየቀዳና እያቆመ ሲያጠና፣ በ18ቱ የሰሌዳው ሳጥኖች ላይ የሚዘለው መብራት በዘፈቀደ ሳይሆን በአምስት ቅደም ተከተሎች ብቻ እንደሚሄድ ደረሰበት። በ1984 ቀርቦ 110,237 ዶላር ወሰደ። ዝግጅቱ ስለረዘመ በሁለት ክፍል ተላለፈ፤ ጣቢያው አጭበርብሯል ሊለው ባይችልም እንደገና እንዲታይ አልፈለገም። ሁለቱ ክፍሎች ተመልሰው ለሕዝብ የታዩት በ2003 ስለ እሱ በተሠራ ዘጋቢ ፊልም ነው። በዚያን ጊዜ ላርሰን ከሞተ አራት ዓመት ሆኖት ነበር።

ላርሰንን ሀብታም ያደረገው የቤት ቪዲዮ ዴክ ለኢትዮጵያ ዝግጅቶችም ከማንኛውም መዝገብ ቤት ያልተናነሰ ባለውለታ ነው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1984 (እ.ኤ.አ.) ከኢሠፓ (የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ) ምሥረታ ጋር ተያይዞ ባለቀለም ሥርጭት ከጀመረ በኋላ፣ ዴክ ያላቸው ቤተሰቦች የበዓል ዝግጅቶችን፣ ዘፈኖችንና ኅብረ ትርኢትን በቪኤችኤስ ይቀዱ ነበር። ካሴቶቹ ወደ ውጭ አገር ለሚኖሩ ዘመዶች በሻንጣ ተላኩ። እዚያ ሌላ ችግር ጠበቃቸው። የኢትዮጵያ ሥርጭት በፓል ሥርዓት፣ በ625 መስመርና በሰከንድ 50 የምስል ግማሾች ይሄድ የነበረ ሲሆን የአሜሪካው ኤንቲኤስሲ 525 መስመርና 60 ነበር። ከአዲስ አበባ የመጣ ካሴት ዋሽንግተን ባለ ዴክ ላይ ሲከተት ምስሉ ይንከባለላል ወይም ቀለሙ ይጠፋል። ስለዚህ ይለወጣል፤ የተለወጠው ይገለበጣል፤ የተገለበጠው ይከራያል። ዛሬ በዩቲዩብ የሚገኙት ብዙዎቹ የዚያ ዘመን ቅጂዎች ፊታቸው የደበዘዘው፣ ከታች በኩል የሚንቀጠቀጥ መስመር ያለባቸው በዚህ ጉዞ ምክንያት ነው። ባለቤቶቹ ለዘፈኑ ሲሉ ስለቀዱ ጥያቄና መልሱ ብዙ ጊዜ መሐል ላይ ይቆረጣል፤ ጥያቄው ይሰማል፣ መልሱ ሳይሰማ ካሴቱ ወደ ሌላ ይዘላል።

በቅርብ ዓመታት የውድድሩ መልክ ተለውጧል። በ1976 በአሜሪካ የተጀመረው የቤተሰቦች ፉክክር፣ ተዋናይ ነፃነት ወርቅነህ በሚመራው «የቤተሰብ ጨዋታ» አማርኛ ተናግሯል። ይህ ትውልድ ያደገበትን ፕሮግራም እንደ ወላጆቹ በትዝታ ብቻ አያስታውሰውም፤ ሲፈልግ በስልኩ ይመለከተዋል።

የተገኘ ካሴት ሁሉ ደግሞ ሊታይ የሚችል አይደለም። በቴፑ ላይ ማግኔታዊውን ዱቄት የሚያጣብቀው ሙጫ እርጥበት እየሳበ ይላቀቃል፤ በዚህ ሁኔታ ማጫወቻ ውስጥ ከገባ ምስሉ ያለበትን ሽፋን እየፋቀ ይወጣል። ባለሙያዎች እንዲህ ያለውን ቴፕ ወደ 50 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚጠጋ የተመጠነ ሙቀት ለሰዓታት ያቆዩታል፤ ከዚያ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ብቻ ስለሚረጋ ወዲያው መገልበጥ አለበት። ይህ የሚሠራው ለአንዳንድ የቴፕ ዓይነቶች ነው፤ ተራ የቪኤችኤስ ካሴት ግን በብዛት የሚጎዳው በሻጋታና በአቧራ ሲሆን፣ ማሞቅ ይባስ ሊያበላሸው ይችላል። ማጫወቻውም ሌላ ፈተና ነው። ሶኒ በ1971 ለገበያ ያቀረበው ዩማቲክ የተባለው የካሴት ማጫወቻም ሆነ በ1982 የተከተለው ቤታካም ከምርት ወጥተዋል፤ የሚጠገኑትም ከሌላ የተበላሸ ማሽን ዕቃ እየተፈታ ነው።

ስም ያልተጻፈበት የኢትዮጵያ ቅጂ ሲገኝ ዘመኑን ለመለየት የሚያግዙ ምልክቶች ቀለም፣ አነጋገርና ጽሑፍ ናቸው። ጥቁርና ነጭ የስቱዲዮ ሥዕል በአብዛኛው ከ1977 ዓ.ም. በፊት ያለውን ያመለክታል፤ ምንም እንኳ ባለቀለም ሥርጭት በጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን ፊት ከቆመ ካሜራ የተቀዳ ሊሆን ቢችልም። አቅራቢው ወይም ዳኛው ተወዳዳሪን «ጓድ» ብሎ ከጠራ ዝግጅቱ ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የተሠራ አይደለም። ተመልካች ደውሎ እንዲመልስ ስክሪኑ ላይ የሚታየው የአዲስ አበባ ስልክ ባለ ስድስት አኃዝ ከሆነ ከመስከረም 1998 ዓ.ም. በፊት የተሠራ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ቁጥሮቹ ባለ ሰባት አኃዝ ሆነዋል። ኢቢሲ የሚለው የጣቢያው ስም ደግሞ ከ2006 ዓ.ም. በፊት አይገኝም።