አንድ ተራራ፣ ሁለት ጎን፦ የአየር ንብረት ለውጥና የባሌ ተራሮች ዕፅዋት

በአዲስ አበባ አቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ለሚገኘው የገላን ኮንዶሚኒየም ነዋሪ «ቱሉ ዲምቱ» ማለት የጎረቤት ሰፈር ስምና ወደ አዳማ የሚወስደው የፍጥነት መንገድ መነሻ ነው። በአፋን ኦሮሞ «ቀይ ኮረብታ» የሚል ትርጉም ያለው ይህ ስም ግን ከባሌ ተራሮች ሁሉ የሚልቀው፣ ከባሕር ጠለል በላይ 4,377 ሜትር ከፍታ ያለው ተራራ መጠሪያም ነው። በዚያ ተራራማ ምድር ሰሜናዊና ደቡባዊ ጎን የሚበቅለው ዕፅዋት ለሙቀት መጨመር የሚሰጠው ምላሽ አንድ ዓይነት አይደለም። ልዩነቱም ለገበሬውም ሆነ ቡና ገዝቶ ለሚጠጣው ከተሜ የሚተርፍ ነው።

በሰሜን በኩል በዲንሾ አካባቢ የሚታየው የሣር ሜዳ፣ ጥድና ኮሶ ነው። ከዚያ በላይ ያለው የአስታ ቁጥቋጦ የተቆራረጠ ነው። የሳነቲን አምባ ተሻግሮ ወደ ደቡብ የወረደ መንገደኛ ግን ሌላ አገር የገባ ይመስለዋል። አስታው ቁመት አውጥቶና ሽበት ለብሶ ጫካ ይሆናል፤ ቁልቁል ሲወረድ ኮሶ፣ ቀርከሃና ጥቅጥቅ ያለው የሐረና ደን ይከተላሉ። በደኑ የታችኛው ክፍል ቡና ራሱን ችሎ በዱር ይበቅላል።

የልዩነቱ ዋና ምክንያት ነፋስ ነው። ከሕንድ ውቅያኖስ እርጥበት ተሸክሞ የሚመጣው አየር ደቡባዊውን ተዳፋት ሲወጣ ይቀዘቅዝና ደመናና ዝናብ ይሆናል፤ ተራራውን ተሻግሮ ወደ ሰሜን ሲወርድ እርጥበቱ ቀንሷል። ፀሐይም የራሷ ድርሻ አላት። በበጋ ወራት ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል፣ ይህን የሚያካክስ ነፋስ በሌለበት ተራራ ቶሎ የሚደርቀው ደቡባዊው ጎን ነው። ስለዚህ «ሰሜኑ ደረቅ፣ ደቡቡ እርጥብ» የሚለው የባሌ እውነት ለሁሉም ተራራ አይሠራም።

ከፍታ በ100 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀት በአማካይ በ0.6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይቀንሳል። የኢትዮጵያ አማካይ ሙቀት እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 2006 ባለው ጊዜ በ1.3 ዲግሪ መጨመሩ ይገመታል። በዚህ ስሌት አንድ ተክል የለመደውን ቅዝቃዜ ለማግኘት ከ200 ሜትር በላይ መውጣት ይኖርበታል። ስሌቱ ግን ወረቀት ላይ ነው። በደረቁ ጎን ችግኝ ወደ ላይ ለመውጣት ሙቀቱ ቢፈቅድለትም ውኃ ያጣል፤ በዚያ ላይ ከብት ይግጠዋል፣ ለግጦሽ ተብሎ የሚለቀቅ እሳት ያቃጥለዋል። እርጥቡ ጎን ደግሞ ኑሮው በደመና ነው። ደመናው የሚያርፍበት ከፍታ ከሙቀቱ ጋር ወደ ላይ ከሸሸ፣ ሽበት ለባሹ ጫካ ቀድሞ ይጎዳል፤ የደረቀ አስታም ለእሳት የተመቸ ነው።

ከሁሉ የባሰው ግን የጅብራ ዕጣ ነው። የሳነቲ አምባ 4,000 ሜትር ገደማ ላይ የተንጣለለ በመሆኑ፣ ከአምባው እስከ ቱሉ ዲምቱ ጫፍ ያለው ቀሪ ዳገት ከ400 ሜትር ብዙም አይበልጥም። ከዚያ በላይ ሰማይ ነው! እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት፣ ሙቀቱ እጅግ ከበረታ ለጅብራ የሚመች መሬት በ2080 ዛሬ ካለው ከ5 በመቶ በታች ሊሆን እንደሚችል አመልክቷል።

በአማራ ክልልም በስሜን፣ በጉናና በጮቄ ተመሳሳይ ጥያቄ አለ። የድሮ ፎቶግራፎችን ከዛሬው ገጽታ ጋር ያነጻጸሩ ተመራማሪዎች በስሜን የአስታ ደን ወሰን በአንዳንድ ስፍራ ወደ ላይ መውጣቱን ተመልክተዋል። ይሁን እንጂ ደኑ ሲወጣ ገብስና ድንችም ከሥር ይከተሉታል። ውርጭ የቀነሰበት ዳገት መታረሱ ለባለ ማሳው ሲሳይ ነው፤ ነገር ግን ጮቄ በርካታ የዓባይ ገባሮች የሚነሡበት በመሆኑ፣ እርከን የሌለው የዳገት እርሻ አፈሩን ለክረምት ጎርፍ አሳልፎ ይሰጣል።

የቡናው ነገርም በከፍታ የተያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ጥናት እንዳመለከተው፣ ምንም እርምጃ ካልተወሰደ በኢትዮጵያ ዛሬ ቡና ከሚበቅልበት መሬት ከ39 እስከ 59 በመቶው በዚህ ክፍለ ዘመን ለቡና የማይመች ሊሆን ይችላል። ይኸው ጥናት ቡና ወደ ከፍተኛ ቦታ ቢዛወርና ደን ቢጠበቅ አዲስ ምቹ መሬት እንደሚገኝም ይገልጻል። በባሌ ደቡባዊ ተዳፋት ግን ከቡናው በላይ ያለው መሬት ባዶ አይደለም፤ ሐረና ራሱ ነው።

በዚህ ክረምት ችግኝ የሚተክል ደገኛ አንድ ነገር ሊያይ ይችላል፤ ዝናቡ ካቆመ በኋላ በየትኛው ጎን ሣሩ ቀድሞ እንደሚደርቅ። ቶሎ በሚደርቀው ጎን ጥድን የመሰለ ድርቅ የሚችል ዛፍ ውኃ በሚያቁር ጉድጓድ ቢተከል ይሻላል፤ ኮሶና ቀርከሃ እርጥበት የሚቆይበትን ጎን ይፈልጋሉ።