ድንቢጥና የሰው ሒሳብ

ስለ ንስርና ስለ ርግብ ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ድንቢጥ ግን ብዕሩን የሚያነሣ ጥቂት ነው። ወፊቱ ከየጣራው ሥር ስለማትታጣ ተንቃለች። ይህ ንቀት ራሱ ታሪክ ያለው መሆኑን በዚህ አጭር ጽሑፍ ለማሳየት እንሞክራለን።

በአገራችን «ድንቢጥ እንዳቅሟ በብርዕ ትታገማለች» ይባላል፤ ገላዋ ለዋግምት ቀንድ አይበቃምና። በወንጌልም ዘመን ዋጋዋ ከዚህ አይሻልም ነበር። ማቴዎስ ሁለቱ በአንድ ትንሽ የሮማ ሳንቲም፥ ሉቃስ አምስቱ በሁለት መሸጣቸውን ይጠቅሳሉ። ሒሳቡን ላስተዋለ ሰው አምስተኛይቱ ምራቂ ናት። የትምህርቱም ኀይል ከዚህ ላይ ነው፤ በገበያ ያልተቈጠረችው በፈጣሪ ዘንድ አልተረሳችምና። እንግሊዛዊው መነኵሴ ቤዳ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ731 በፈጸመው ታሪኩ፥ አንድ የንጉሥ ኤድዊን አማካሪ የሰውን ዕድሜ በክረምት ከአዳራሽ በአንዱ በር ገብታ በሌላው በምትወጣ ድንቢጥ መመሰሉን ጽፏል።

እኛ በአዲስ አበባ የምናያት ራሰ ግራጫዋን ነው፤ ጀርመናዊው ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1840 ለሳይንስ ያስመዘገባት ናት። የአውሮፓው ወንድ ድንቢጥ በጕሮሮው ላይ ያለው ጥቁር ምልክት በእርሷ ዘንድ የለም። ያደገችው ጥሬ ትለቅማለች፤ ጫጩቶቿን ግን የምታሳድገው በነፍሳት ነው። ባለፈው ዓመት በኮሌጁ ግቢ ከቆርቆሮ ጣራ ሥር ያለ አንድ ጎጆ ሦስት ጧት ጠብቀን ነበር። ወላጆቹ በአፋቸው ትልና ፌንጣ ይዘው ሲገቡ እንጂ እህል ይዘው ሲገቡ አላየንም።

ይህ ትንሽ ነገር በቻይና ሳይታይ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1956 የወጣው የእርሻ ዕቅድ ረቂቅ ድንቢጥን ከአይጥ፥ ከዝንብና ከወባ ትንኝ ጋር ደምሮ ጠላት አደረጋት። የታሰበባት የምትበላው እህል ብቻ ነበር። በ1958 በፔኪንግ ለሦስት ቀን ሕዝቡ ከጣራ ላይና ከዛፍ ሥር ሆኖ ከበሮና ድስት እየደበደበ እንዳታርፍ ከለከላት፤ ወፎቹም በድካም ከሰማይ ወደቁ። የወፍ ሊቁ ዜንግ ዙኦሺን ግን የድንቢጥን ሆድ ከፍተው የበላችውን በመመርመር፥ ጕዳቷም ጥቅሟም እንደ ወቅቱና እንደ ቦታው የሚለያይ መሆኑን አሳዩ።

ከ1959 እስከ 1961 በቆየው ረሃብ በብዙ ሚሊዮን የሚቈጠር ሕዝብ ዐለቀ። አንዳንዶች ጥፋቱን ሁሉ ከድንቢጥ መጥፋት ጋር ያያይዙታል። ነገሩ ለተረት ያመቻል፤ እኛ ግን አንቀበለውም። ዋናው ምክንያት መንግሥት በሐሰት የምርት ቍጥር ተመርቶ ከገበሬው ጎተራ ከልክ በላይ እህል መውሰዱና ሠራተኛውን ከእርሻ አንሥቶ ወደ ብረት ማቅለጥ ማዞሩ ነው። የተባይ መብዛት በዚያ ላይ የተጨመረ ነበር።

በ1960 ማኦ ጼቱንግ ድንቢጥ ከጠላቶቹ ዝርዝር እንድትወጣ አዘዘ። በቦታዋ ትኋን ገባ።