ድንጋዩ፣ ሞተሩና የማሾ ሐልዋ

የምግብ ታሪክ ከመሣሪያ ታሪክ ተነጥሎ የሚታይ አይደለም። አንድ ምግብ ከየት መጣ ብሎ የሚጠይቅ ሰው፣ በምን ተፈጨ፣ በምንስ እሳት በሰለ ብሎ መጠየቁ አይቀርም። በሰሜን ምዕራብ ህንድ፣ በራጃስታን፣ በብርድ ወራትና በሠርግ ሰሞን በየቤቱ የሚሠራው የማሾና የለውዝ ሐልዋ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ለውዝ ሲባል በገበያ በዚሁ ስም የሚጠራው ኦቾሎኒ ሳይሆን፣ በመጽሐፍ ቅዱስ የተጠቀሰው የዛፍ ፍሬ፣ ማለትም አልሞንድ ነው።

በኢትዮጵያ በሰሜን ሸዋና በወሎ ቆላዎች የሚመረተው ማሾ ጥንተ መገኛው ህንድ ነው። በደቡብ ህንድ ጥንታዊ መንደሮች በተደረገ ቁፋሮ ከ3,500 ዓመት በላይ ያስቆጠረ የማሾ ፍሬ ተገኝቷል። ስኳርም የዚያው አገር ልጅ ነው፤ «ሻርካራ» የተባለው የሳንስክሪት ስሙ በፋርስና በዐረብ በኩል አልፎ ዓለምን ያዳረሰ ሲሆን፣ አማርኛው «ስኳር» የዚሁ ቃል ዘመድ ነው። ለውዙ ግን እንግዳ ነው። ከፋርስና ከአፍጋኒስታን በነጋዴ ቅፍለት የገባ በመሆኑ እስከ ዛሬ በፋርስኛ ስሙ «ባዳም» ይባላል። «ሐልዋ» ደግሞ ጣፋጭ የሚል ትርጉም ካለው የዐረብኛ ቃል የመጣ ነው።

ከ1556 እስከ 1605 (በአውሮፓ አቆጣጠር) የነገሠው የሞጉል ንጉሠ ነገሥት የአክባር ታሪክ ጸሐፊ አቡል ፋዝል፣ «አይኒ አክባሪ» በተባለው መጽሐፉ የቤተ መንግሥቱን ወጥ ቤት ሲገልጽ፣ ለሐልዋ ዱቄት፣ ስኳርና ቅቤ እያንዳንዳቸው 10 ሴር እንደሚገቡ መዝግቧል። ይህ እኩል መጠን ዛሬም በብዙ ቤት ለማሾ ሐልዋ መነሻ ሆኖ ያገለግላል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። 250 ግራም የተገፈፈ የማሾ ክክ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ተዘፍዝፎ ውኃው ይጠነፈፍና ብዙም ሳይልም ይፈጫል። ቅመም በሌለበት 250 ግራም ንጥር ቅቤ፣ ወፍራም መቀመጫ ባለው ድስት፣ በለዘብተኛ እሳት ላይ ሳያቋርጡ እያማሰሉ ያቁላሉታል። በሙቅ ውኃ ተነክሮ የተላጠና የተደቆሰ አንድ እፍኝ ለውዝ በመካከሉ ይጨመራል። ሊጡ ወርቃማ ሆኖ ቅቤውን መልሶ ሲተፋ፣ በውኃና በወተት የተፈላ 250 ግራም ስኳር በጥንቃቄ ይፈስበታል፤ ይንጣጣልና። በመጨረሻ ሄል ይነሰነስበታል።

ማቁላላቱ አንድ ሰዓት ያህል የሚፈጀው ያለ ምክንያት አይደለም። በሊጡ ውስጥ ውኃ እስካለ ድረስ ሙቀቱ ከ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እምብዛም አያልፍም። መዓዛና ቀለም የሚሰጠው፣ ፈረንሳዊው ኬሚስት ሉዊ ካሚይ ማያር በ1912 የገለጸው የፕሮቲንና የስኳር ውሕደት ግን በፍጥነት የሚካሄደው ከዚያ በላይ በሆነ ሙቀት ነው። እሳቱን በማጋል የሚቸኩል ሰው ውጩን ያሳርራል፤ ውስጡም ጥሬ ጥሬ እንደሸተተ ይቀራል።

ለብዙ ዘመን ከዚህ የባሰው ድካም ወፍጮው ነበር። «ሲል» በተባለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ በ«ባታ»፣ ማለትም በመጁ፣ የራሰ ክክ መፍጨት የሴቶች የዕለት ሸክም ነበር። ከውጭ አገር የመጡት የኤሌክትሪክ መፍጫዎችም ለቀላል ሥራ የታቀዱ በመሆናቸው የህንድን ጥራጥሬ ሊችሉ አልቻሉም፤ ሞተራቸው ይግልና ይቃጠል ነበር። በቦምቤይ በሲመንስ ኩባንያ ያገለግሉ የነበሩት መሐንዲስ ሳትያ ፕራካሽ ማቱር ባለቤታቸው ማዱሪ የሚሠሩበት መፍጫ ሲቃጠል፣ ችግሩ የባለሙያዋ ሳይሆን የሞተሩ መሆኑን ተረድተው የበለጠ ኃይል ያለው ሞተር ነደፉ። «ሱሚት» የተባለውን መፍጫ የሚያመርተው ድርጅትም በ1963 ተቋቋመ።

የዚህ ታሪክ ቁም ነገር ለሙያው ሰው ግልጽ ነው። ተጠቃሚውን ለመሣሪያው ማስገዛት ሳይሆን፣ መሣሪያውን ከነባሩ ሥራ ጠባይ ጋር ማስማማት ይገባል። ይሁን እንጂ ሞተሩ ያቀለለው የድንጋዩን ድካም ብቻ ነው። ሊጡ ቅቤውን የሚተፋበትን ሰዓት በዓይንና በአፍንጫ ለይቶ የማወቁ ጥበብ ዛሬም ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፈው ከምድጃው አጠገብ በመቆም ነው፤ ያ መቆም የቀረ ዕለት ልኬቱ በወረቀት ላይ ቢገኝም ሐልዋው አይገኝም።